ከፍቺ በኋላ ልጅን ይዞ ወደ ሌላ አካባቢ መሄድ፦ ወላጆች ሊያውቁት የሚገባ

ባልና ሚስት ሲፋቱ የሚፈርሰው ጋብቻቸው እንጂ ከልጆቻቸው ጋር ያላቸው ግንኙነት አይደለም። ይሁንና ልጁን የሚያሳድገው ወላጅ ለሥራ ወይም ወደ ዘመድ ለመጠጋት መኖሪያውን ሲቀይር ይህ ግንኙነት ሊጎዳ ይችላል። ለምሳሌ በወላይታ ዞን ቤሌ ከተማ ልጇን የምታሳድግ እናት በአዲስ አበባ ሥራ ብታገኝ፣ ልጁን በየሳምንቱ እንዲጠይቅ የተወሰነለት አባት መብቱን እንደቀድሞው ሊሠራበት አይችልም።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው፣ ፍርድ ቤቶችም የሕፃኑን ደኅንነት በቀደምትነት ማሰብ እንዳለባቸው ይደነግጋል። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተፈጻሚ የሆነው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 113 ደግሞ ፍርድ ቤቱ ፍቺን ሲወስን ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ስለ ትምህርታቸው፣ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ቀለባቸውና ከወላጆቻቸው ጋር ስለሚጠያየቁበት ሁኔታ አብሮ እንዲወስን ያዛል። አሳዳጊው የሚገኝበት ሁኔታ ሲለወጥም ውሳኔው እንደገና ሊታይ ይችላል። በክልሎች የሚነሱ ጉዳዮች በየክልሉ የቤተሰብ ሕግ የሚታዩ ሲሆን፣ የሕገ መንግሥቱ ድንጋጌ ግን በሁሉም ቦታ የጸና ነው።

ፍርድ ቤት የሚመዝነው

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 በ2000 ዓ.ም. የሰጠው ውሳኔ መመዘኛውን በግልጽ ያሳያል። ጉዳዩ ከቦንጋ የመጣ ሲሆን፣ በአክስቱ እጅ ለዓመታት ያደገን ልጅ አባቱ ልረከብ በማለት የጠየቀበት ነበር። ችሎቱ ሕገ መንግሥቱንና የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን መሠረት አድርጎ፣ ከአባትነት መብት ይልቅ የልጁን ጥቅም በማስቀደም ልጁ ከአክስቱ ጋር እንዲቆይ ወስኗል። ክርክሩ ስለ መኖሪያ ለውጥ ባይሆንም፣ ልጅን ከለመደው ቤት ማንሳት በወላጅ መብት ብቻ እንደማይወሰን ያስገነዝባል።

በመሆኑም የሚመዘኑት የልጁ ዕድሜና ፍላጎት፣ የሚሄድበት ቦታ የትምህርትና የኑሮ ሁኔታ፣ የጉዞው ምክንያት እንዲሁም ከሌላው ወላጅ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ናቸው። ሌላውን ወላጅ ለማራቅ ብቻ የሚደረግ ጉዞ ከልጁ ጥቅም ጋር አይጣጣምም።

ከጉዞ በፊት ምን ይደረግ?

• በመጀመሪያ ከሌላው ወላጅ ጋር መነጋገር፤ ስምምነት ከተደረሰ በጽሑፍ አድርጎ ለፍርድ ቤት ማቅረብ።
• ስምምነት ከሌለ፣ ልጁን ይዞ ከመሄድ በፊት የቀድሞው ውሳኔ እንዲሻሻል ለፍርድ ቤት አቤቱታ ማቅረብ።
• የውሳኔውን ግልባጭ፣ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የሥራና የትምህርት ቤት ማስረጃ ማያያዝ።
• የመጠየቂያ ጊዜው እንዴት እንደሚተካ፣ ለምሳሌ የትምህርት ቤት ዕረፍትን፣ የስልክ ግንኙነትንና የመጓጓዣ ወጪን በሚመለከት ሐሳብ ማቅረብ።

ልጁ ያለ ፈቃዱ የተወሰደበት ወላጅም ልጁን በኃይል ለመመለስ ከመሞከር ይልቅ የአፈጻጸም ወይም የማሻሻያ አቤቱታ ማቅረብ ይኖርበታል። መጠየቅ ተከልክያለሁ በሚል ቀለብ ማቋረጥም ተገቢ አይደለም፤ ቀለብ የልጁ መብት ነውና። በውሳኔው ቅር የተሰኘ ወገን በሕግ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል። የጠበቃ ክፍያ የማይችሉ ወላጆች በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ የፍትሕ ጽሕፈት ቤት ቀርበው የሕግ ምክር መጠየቅ ይችላሉ።