የጋሞ ደጋ መንደርና የባላገሩ ሀብት
ከአርባ ምንጭ በላይ፥ በጨንቻና በዶርዜ ደጋ፥ የባላገሩ ሀብት በደጁ ቆሞ ይታያል። ቤቱ በተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ቅርጫት የተሠራ ነው፤ ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ዝቅ እያለ ይኖራል፥ ሲያስፈልግም ጎረቤት ተሰብስቦ አንሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውረዋል። የከብት ፍግ እየተደረገለት ብዙ ዓመት የሚጠበቀው እንሰት ግን ከደረሰ በኋላ እንደ ቤቱ ተነሥቶ አይሄድም። እንግዲህ የዚህ ሰው ዋና ሀብት፥ ድካሙ በተተከለበት መሬት ላይ ያለው መብት ነው።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ የጭሰኛነትም ሥርዓት ቀረ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሬት እንዳይሸጥ አጸና። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 456 ደግሞ ለባለ ይዞታው የማረጋገጫ ደብተር እንዲሰጥ፥ መሬቱ የባልና የሚስት በሆነ ጊዜም በሁለቱ ስም እንዲጻፍ አዘዘ።

ይህ ትእዛዝ በከንቱ የተጻፈ አይደለም። ሸማኔው ባል ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ እንሰቱን የምትጠብቀው ሚስት ናት፤ ስሟ ከደብተሩ ቢቀር የብዙ ዓመት ድካሟ ምስክር ያጣል። ስለዚህ መዝጋቢው ሹም ስሟን ሳይጽፍ መዝገቡን አይዝጋ፤ ኑዛዜ የሚሰማው ካህንም ድርሻዋን ለተናዛዡ ያሳስብ።