የነፋስ ጉልበት በምን ይለካል?

በቆሎ በጣሳ ወይም በኪሎ ይለካል። ጨርቅ በክንድ ወይም በሜትር ይለካል። ነፋስ ግን አይጨበጥ፣ ጆንያ ውስጥ አይገባ። ታዲያ በምን ይለካል?

ነገሩ የቀልድ አይደለም። እዚህ ጎግ በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ይቃጠላል። አንዱ ሰው «ዛሬ ነፋሱ ትንሽ ነው» ብሎ ሊለኩስ ይነሣል። ጎረቤቱ «ኧረ ብዙ ነው!» ይለዋል። ሁለቱም የሚያዩት አንድ ነፋስ ነው። «ትንሽ» የሚለው ቃል ግን ለሁለቱ እኩል አይደለም። እሳቱ ሰደድ ሆኖ የሣር ክዳን ላይ ከወጣ በኋላ «ብዬህ ነበር» ማለት ምን ይጠቅማል?

ይህ ክርክር በባሕር ላይም ነበረ። ፍራንሲስ ቦፎርት የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1806፣ ነፋስን በደረጃ ከፋፍሎ በማስታወሻው ጻፈ። የነፋሱን ጉልበት የሚገምተው መርከቧ ስንት ሸራ ልትሸከም እንደምትችል እያየ ነበር። በኋላ ሌሎች ሰዎች ለየብስም እንዲሆን ጭስንና ዛፍን ጨመሩበት። ደረጃው ከ0 እስከ 12 ነው፤ ዛሬም ይሠራበታል።

እስቲ ከደጃፋችሁ ቆማችሁ ሞክሩት። ጭስ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከወጣ ነፋሱ 0 ነው። ጭሱ ካዘነበለ፣ ቅጠሉ ግን ዝም ካለ 1 ነው። ነፋሱ ፊታችሁን ከዳሰሰና ቅጠል ከተንኮሻኮሸ 2 ነው። ቅጠልና ቀጫጭን ቅርንጫፍ ሳያቋርጥ ከተወዛወዘ 3፣ አቧራ ከተነሣ 4 እንላለን። 4 ማለት ነፋሱ በአንድ ሰዓት ከ20 እስከ 28 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። በ6 ትልልቅ ቅርንጫፎች ይነቃነቃሉ። በ10 ዛፍ ከነሥሩ ይነቀላል።

እኔ ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ ነው። እዚህ መጥቼ ግን አንዲት እናት የምድጃቸውን ጭስ ብቻ አይተው «ዛሬ እሳት አይለኮስም» ሲሉ ሰማሁ። ቁጥሩን አያውቁትም እንጂ መለኪያውንስ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል።

በእኔ ግምት ነፋሱ 3 ከደረሰ ሣር ባይለኮስ ይሻላል። ደግሞም አንድ ጊዜ ለክቶ መተው አይበቃም። ጧት 1 የነበረው ነፋስ ፀሐይ ሲበረታ 4 ሊሆን ይችላል፤ ጧት የተለኮሰው እሳት ግን ገና አልጠፋም።

የመሬት መንቀጥቀጥም ደረጃ አለው። በ1961 ዓ.ም. በዛሬው አፋር ክልል የምትገኘውን ሰርዶን ያፈረሰው መንቀጥቀጥ ከ6 በላይ ነበር። ይህ የሚለካው በመሣሪያ ነው፤ ቁጥሩም ያታልላል። ከ5 ወደ 6 ሲወጣ አንድ ብቻ የጨመረ ይመስላል፤ መሣሪያው የሚመዘግበው የመሬት ንዝረት ግን 10 እጥፍ ይሆናል።

ጊሎ ወንዝን ለመለካት ግን አንድ ረጅም እንጨት ይበቃል። እንጨቱን በየሴንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጋችሁ ከወንዙ ዳር ትከሉት። ውኃው ትናንት 40 ላይ ኖሮ ዛሬ 65 ላይ ከደረሰ 25 ሴንቲ ሜትር ጨምሯል። ከታች በወንዙ ዳር በቆሎ ለዘሩ ሰዎች «ወንዙ ሞላ» ብሎ ከመላክ «በአንድ ቀን 25 ጨመረ» ብሎ መላክ ይሻላል። እንጨቱን በየቀኑ በአንድ ሰዓት እዩት። ጎርፍ እንዳይወስደውም ጠለቅ አድርጋችሁ ትከሉት።