የአድማጭ ሳምንት

የምጽፈው ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ አንዱ ክፍል ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ነው። የቀረውን ሳምንት የሚጽፈው አድማጩ ነው። ይህን ያስተማረኝ አንድ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው።

ሸማኔ እጁም እግሩም ሥራ ላይ ስለሆነ ነጻ የሆነው ጆሮው ብቻ ነው። እሱም ጆሮውን ለሬዲዮ ሰጥቷል። ስልኬን ከየት እንዳገኘው እግዜር ይወቀው፤ ክፍሉ በተላለፈ ማግስት ይደውላል። አንድ ቀን ሰላምታችን እንኳ ሳያልቅ «ጋሼ፣ የሰውየውን ሳል ምን አደረጋችሁት?» አለኝ። ለወራት ሲያስለው የከረመ አንድ ገጸ ባሕርያችን በዚያ ሳምንት ሳሉ ጠፍቶ ነበር። ሆን ብለን ነው ያጠፋነው። ሰውየው ከሚስቱ ተደብቆ ሐኪም ቤት መመላለስ ጀምሯል፤ ነገሩ የሚገለጠው ግን ገና ከአራት ክፍል በኋላ ነው። ከስቱዲዮ ውጪ ይህን የሚያስተውል ይኖራል ብለን አልጠበቅንም። ሸማኔው ግን «ሚስቱ የማታውቀው መድኃኒት ጀምሯል» ብሎ ፈርዷል። አጠገቡ የሚሠሩት ደግሞ «የለም፣ ተዋናዩን ጉንፋን ለቆት ነው» ይላሉ። መወርወሪያው ወዲያና ወዲህ ሲል፣ ክርክሩም አብሮት ሲመላለስ ሳምንቱ አለቀ።

ይህን ለአንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ ስነግረው ደነገጠ። «ከታወቀብንማ እንቀይረው» አለ። አልቀየርነውም። አድማጭ ቀድሞን ከደረሰ፣ መንገዱን በደንብ ጠርገንለታል ማለት ነው። ተመልካች እንዳይገምታቸው ብለው ታሪካቸውን መሐል ላይ የሚጠመዝዙ ደራሲዎች አሉ። ገዳዩ ጭራሽ አይተነው የማናውቀው የአክስት ልጅ ሆኖ ከሐዋሳ ይመጣል። እንዲህ ያለው ሰው በእኔ ዓይን ካርታ ደብቆ ከሚጫወት ቁማርተኛ አይለይም። ልብ ሰቀላ የሚባለው አድማጩ ሊገምት የሚችለውን ነገር እስኪረጋገጥለት ማስጠበቅ ነው። ሸማኔው በአራተኛው ክፍል ማግስት ሲደውል ድምፁ የሰርግ ቤት ነበር። አብረውት የሚሠሩት ቡና ጋብዘውታል።

ሰው መጨረሻውን እያወቀ እንኳ መጠበቅን ይወዳል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ መጽሐፉ ከታተመ ቆይቷል፤ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው። የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ዕጣ ለማወቅ የቸኮለ ገዝቶ ወይም ተውሶ ማንበብ ይችል ነበር። አንብቦ የጨረሰውም ቢሆን ሬዲዮኑ ሥር ቁጭ ብሎ ቀጣዩን ክፍል ይጠብቅ ነበር፤ ለምን ቢባል፣ ቢያንስ ነገ የሚያወራው ጎረቤት አብሮት ሰምቷል።

እንግሊዞችም በዚህ አይታሙም። የቢቢሲው «ዘ አርቸርስ» እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ዛሬም ድረስ የሚተላለፍ የገጠር ኑሮ ድራማ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 22 ቀን 1955 ማታ፣ ተፎካካሪው የአይቲቪ ቴሌቪዥን ሥርጭት በጀመረበት በዚያው ምሽት፣ ደራሲዎቹ ግሬስ አርቸር የተባለችውን ወጣት ሙሽራ በረት ተቃጥሎ ፈረስ ለማዳን ስትገባ ገደሏት። የቢቢሲ ስልክ በአልቃሾች ተጨናነቀ። በማግስቱ ጋዜጦች ላይ የአዲሱ ጣቢያ ምረቃ የእሷን ሞት ያህል ቦታ አላገኘም። በክፋቱ ብስቅም በሙያው እቀናለሁ፤ የተፎካካሪን ድግስ በለቅሶ መበተን ቀላል አይደለም።

እኛም ዘንድ «የቀን ቅኝት» ነበር። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር በኢትዮጵያ ሬዲዮ ያቀረበው ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤች አይ ቪ የሚናገር ድራማ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 ለ257 ክፍሎች ተላልፏል። ከ15,000 በላይ ደብዳቤ ነው የመጣለት። ያኔ ቴሌግራም የለም። ጻፊው ወረቀትና ቴምብር ገዝቶ፣ ፖስታ ቤት ድረስ ሄዶ ነው ሐሳቡን የሚልከው።

ይህን ሁሉ አድማጭ ሞኝ አድርጎ ማየት የሚቀናቸው አሉ። እኔ አልስማማም። «ሰው ለሰው» በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲታይ ክፉውን አስናቀን ሆኖ የተጫወተው አበበ ባልቻ ከሸገር ኤፍ ኤም 102.1 መሥራቾች አንዱ ነው። ቀን የእሱን ጣቢያ በፍቅር ሲሰማ የዋለ ሰው፣ ማታ አስናቀን አንጀቱ እስኪርስ ይረግማል። አያምታታውም። እርግማኑ በአስናቀ ላይ አርፎ እዚያው ይቀራል።

አሁን ያስቸገረኝ እርግማኑ ሥጋ ለባሽ ላይ የሚያርፍበት ዝግጅት መብዛቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ ሳራ ኬኒግ «ሲሪያል» የተባለውን ፖድካስት ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ1999 ባልቲሞር ውስጥ የተገደለች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪንና በግድያው የተፈረደበትን አድናን ሰይድን ጉዳይ በ12 ክፍል፣ በየሳምንቱ አቀረበችው። እንደ ሥራ ድንቅ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል የሚቆምበትን ቦታ ለጀማሪ ደራሲዎች አስደምጣለሁ። ነገር ግን በሁለት ክፍሎች መካከል ያለውን ሳምንት የፕሮግራሙ ወዳጆች በምን ሞሉት? ሸማኔዬ ሳል እንደቆጠረው እነሱም እያንዳንዷን ቃል ቆጠሩ፤ ከዚያም በፕሮግራሙ ስማቸው የተነሳ ሰዎችን ማንነት እያደኑ አደባባይ አወጡ። ገዳዩ እገሌ ነው ብለው ፈረዱ። ቀጣዩ ክፍል እስኪመጣ ድረስ የሟቿ ቤተሰብ ሐዘን የግምት መጫወቻ ሆነ። አፍቃሪዎቹ ክፉ አልነበሩም። ጥሩ አድማጭ የሚያደርገውን ነው ያደረጉት፤ ባዶ ሳምንት ተሰጣቸው፣ ሞሉት።

ስለዚህ በእኔ እምነት ልብ ወለድ ሲሆን ሳምንት ማስጠበቅ ነው፤ እውነተኛ ታሪክ ሲሆን ግን ሙሉውን በአንድ ጊዜ ማስረከብ። በየቢሮው የማየው ተገላቢጦሹን ነው። ባለፈው ዓመት ካለቁት ድራማዎቻችን አንዱን አዘጋጁ ከነመጨረሻው በአንድ ሌሊት ዩቲዩብ ላይ ጫነው። ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት አድማጭ በሁለት ሌሊት ጨርሳው የድምፅ መልእክት ላከችልኝ፦ «ወንድሜ፣ አለቀብኝ እኮ! አሁን ከማን ጋር ልከራከርበት?»

ይኸው አዘጋጅ ሰሞኑን አንድ ፍርድ ቤት የጨረሰው የግድያ ጉዳይ ይዞ መጣ። በአሥር ክፍል፣ በሳምንት አንድ እየለቀቅን እንሥራው ይላል። አስቀድመን ከሟች ቤተሰብ ጋር እንነጋገር፣ ከተስማሙም አሥሩም ክፍል በአንድ ቀን ይውጣ አልኩት።

«እንዲያማ ከሆነ ሰው ምን ብሎ ይጠብቀናል?» አለኝ።