በደንብ ማየት የዓይን ጤንነት ማረጋገጫ አይደለም

በጉለሌም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ክፍል «ዓይኔ በደንብ ስለሚያይ ምርመራ አያስፈልገኝም» የሚለው አስተሳሰብ ተደጋግሞ ይሰማል፤ ሆኖም የዓይንን የውስጥ ጀርባ የሸፈነውና ብርሃንን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጠው ስስ ሽፋን፣ ማለትም ሬቲና፣ እይታ ከመደብዘዙ አስቀድሞ ሊጎዳ ይችላል።

1. የሬቲና ፎቶግራፍ የደም ሥሮችን በግልጽ ስለሚያሳይ፣ የስኳር ሕመም የሚያስከትላቸው ጥቃቅን የደም ሥር እብጠቶችና መድማት ሕመምተኛው ምንም ሳይሰማው ይታወቃሉ።

2. እ.ኤ.አ. በ1991 ለሳይንሱ ዓለም የተዋወቀው ኦሲቲ የተባለው መሣሪያ፣ ኤክስሬይ ሳይሆን ታህተ ቀይ ብርሃን ተጠቅሞ እንደ እንጀራ የተደራረቡትን የሬቲና ንብርብሮች ውፍረት ስለሚለካ፣ የማዕከላዊ እይታ ስፍራን እብጠትና የዓይን ነርቭን በሚጎዳው ግላኮማ የሚመጣውን የነርቭ ክሮች መሳሳት ያሳያል።

3. ምስሉ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ ግላኮማ የዓይን ግፊትና የእይታ መስክ ምርመራም ይሻል፣ የበሰለ የዓይን ሞራም ምስሉን ሊጋርድ ይችላል።

4. ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሕመሙ እንደታወቀ፣ ዓይነት አንድ ያለበት ደግሞ በአምስት ዓመት ውስጥ ሬቲናውን ማስመርመር፣ ከዚያም በአብዛኛው በየዓመቱ መከታተል ይገባዋል፤ በግላኮማ የጠፋ እይታም ስለማይመለስ ቀድሞ መመርመር ይበጃል።

በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል ስላለው፣ ነዋሪው የትኛው ምርመራ እንደሚያስፈልገው ባለሙያ ማማከር ይችላል። ጥያቄ ያለው አንባቢ ከዚህ በታች እንዲያሰፍር ይጋበዛል።