በቤት ለሚማሩ ሕፃናት የሳይንስ መጽሐፍ ስለ መምረጥ

ልጅን በቤት ማስተማር በአሜሪካ በ50ዎቹም ግዛቶች በሕግ የተፈቀደ ነው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሜሪላንድም ወላጅ ሊያስተምራቸው ከሚገቡት ስምንት የትምህርት ዓይነቶች አንዱ ሳይንስ እንዲሆን ደንቡ ያዝዛል፤ በየትኛው መጽሐፍ እንደሚያስተምር ግን ለእርሱ ስለ ተወለት፣ በገበያው ከሞላው የመጻሕፍት ብዛት መካከል መርምሮ የሚመርጠው እርሱ ራሱ ነው። እኔ ግን ለሕፃን መጽሐፍ ሲመረጥ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው፣ ስንት ነገር ያስተምራል የሚለው ሳይሆን፣ ልጁ መልሱን ከመስማቱ በፊት ነገሩን በሕዋሳቱ እንዲመረምር ያደርገዋልን የሚለው ነው እላለሁ።

ይህን መንገድ አጥብቀው ከያዙት አንዷ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት አና ቦትስፎርድ ኮምስቶክ ናቸው። በ1890ዎቹ የኒው ዮርክ ገበሬ እርሻው ተጎድቶበት ወደ ከተማ በፈለሰ ጊዜ፣ የገጠር ልጆች ምድራቸውን ዐውቀው እንዲወዱ በተጀመረው ትምህርት ለመምህራን ይታደሉ ከነበሩት ትንንሽ ጽሑፎች ተነሥቶ በ1911 የታተመው ትልቁ መጽሐፋቸው፣ ስለ አዕዋፍ፣ ስለ ዕፀዋትና ስለ ደመና ዕውቀቱን ለመምህሩ፣ ጥያቄውን ለልጁ ይሰጣል። መምህሩም የማያውቀውን ሲጠየቅ «አላውቅም፤ አብረን እንመርምር» ማለት እንዳያሳፍረው ይመክራሉ፤ ሳይንስ በወጉ አልተማርሁም ብሎ ለሚፈራ ወላጅ ከዚህ የበለጠ መጽናኛ አላገኘሁለትም።

እንግሊዛዊው የሳይንስ ሊቅ ማይክል ፋራዴይ ደግሞ ከ1860 እስከ 1861 በነበረው የልደት ሰሞን፣ ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲቲዩሽን ስለ አንዲት ሻማ ብቻ ስድስት ትምህርቶችን ለወጣቶች ሰጥቷል። በቤተ ክርስቲያን ጧፍ ሲበራ ያየ ልጅም፣ ወላጁ በአጠገቡ ቆሞ ሻማውን እፍ ብሎ ካጠፋ በኋላ ከክሩ ወደሚወጣው ነጭ ጢስ የተለኮሰ ክብሪት ሲያስጠጋ፣ እሳቱ ጢሱን ተከትሎ ወርዶ ክሩን መልሶ ሲያበራው ያያል፤ በዚህም የቀለጠው ሰም በክሩ ተስቦ ወጥቶ በሙቀት እንደሚተን፣ የሚነደውም ይኸው ተን እንደ ሆነ ይረዳል።

ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅሎ አረፋ የሚያስነሣ፣ ምክንያቱን ግን የማይናገር መጽሐፍ ልጁን ያስደስተዋል እንጂ አያስተምረውም። በርናርድ ኔብል ለታናናሽ ልጆች ባዘጋጀው መጽሐፍ ግን ኋለኛው ትምህርት በፊተኛው ላይ እንዲቆም ተደርጓል፤ አየር ራሱ ቦታ የሚይዝ ነገር መሆኑን ያልተረዳ ልጅ ነፋስ ምን እንደ ሆነ ሊገባው አይችልምና፣ ይህ ቅደም ተከተል እጅግ ይጠቅማል። በክርስቲያን አሳታሚዎች የወጡ የሳይንስ መጻሕፍትም ብዙ ስለ ሆኑ፣ ወላጅ ስለ ምድር ዕድሜና ስለ ሕያዋን አመጣጥ የሚናገረውን ምዕራፍ ሳይገዛ በፊት ራሱ ያንብበው።

ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አጉሊ መነጽርና ልጁ ያየውን ቀኑን እየጻፈ የሚሥልበት ደብተር ይበቃል። በሜሪላንድ ወላጁ በአውራጃው ትምህርት ቢሮ ሲገመገም የልጁን ሥራ ማሳየት ስላለበት፣ ይኸው ደብተር ለማስረጃነትም ያገለግላል።