የቤተ ሰብ ቅርስ ያለበት የኮምፒዩተር ዲስክ ሲታወክ ስለሚገባው ጥንቃቄ

ቀድሞ የቤተ ሰብ ውልና ደብዳቤ በሣጥን ተቈልፎ ይቀመጥ ነበር። ዛሬ ግን የልጆች ፎቶግራፍ፥ የወላጆችም ድምፅ አብዛኛው የሚገኘው በኮምፒዩተር ዲስክ ውስጥ ስለ ሆነ፥ ዲስክን መጠበቅ ከቤት አስተዳደር ሥራ አንዱ ሆኗል።

አንድ ማታ መብራት በድንገት ጠፍቶ በተመለሰ ጊዜ፥ በሊኑክስ የሚሠራው ኮምፒዩተራችን አልነሣም ብሎ፥ የዲስኩ ክፍል በእጅ እንዲመረመር የሚያሳስብ ቃል አሳየን። በዚያው ክፍል የሟቿ እናታችን ድምፅ ተቀድቶ ነበርና እጅግ ደነገጥን።

ዲስክ እንደ ግምጃ ቤት ነው፤ ዕቃው ሌላ፥ የዕቃው መዝገብ ሌላ ነው። ጸሐፊው ሲጽፍ መብራት ቢጠፋ መዝገቡና ዕቃው ሳይስማሙ ይቀራሉ። ኤክስት 4 የተባለው አደረጃጀት ጆርናል የሚባል የማስታወሻ መዝገብ ስላለው፥ ብዙውን ጊዜ በዚያ ራሱን ያቃናል። ይህ ባልበቃ ጊዜ ኤፍ ኤስ ሲ ኬ የተባለው መርማሪ ይጠራል። ነገር ግን መርማሪው መዝገቡን ያስማማል እንጂ የጠፋውን ዕቃ አይመልስም፤ ለማስማማት ሲልም ያልተስማማውን ሊሰርዝ ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው።

ስለዚህ አንደኛ፥ ክፍሉ በሥራ ላይ ሳለ ጥገና አይደረግበት፤ ኮምፒዩተሩን ከፍላሽ ማስነሣት ይገባል።

ሁለተኛ፥ ዲስኩ ቢንቋቋ ወይም ማንበብ ቢያቅተው ሕመሙ ከመዝገቡ ሳይሆን ከአካሉ ሊሆን ይችላልና፥ ዲዲሬስኪው በተባለው መሣሪያ አስቀድሞ ሙሉ ቅጅ ይወሰድ። ጥገናውም በቅጁ ላይ ይሁን።

ሦስተኛ፥ በመጀመሪያ «ኤን» የተባለው ምልክት ይሰጥ፤ በዚህ ጊዜ መርማሪው ምንም ሳይነካ ያገኘውን ጕድለት ብቻ ይናገራል። ለጥያቄው ሁሉ እሺ የሚለው «ዋይ» ግን ቅጅ ሳይኖር አይሰጥ።

አራተኛ፥ ሱፐርብሎክ የተባለው የመዝገቡ ራስ ቢበላሽ ተስፋ አይቈረጥ፤ ምትኩ በሌላ ስፍራ ተጽፏል። ብሎኩ 4096 ባይት በሆነ ጊዜ፥ የመጀመሪያው ምትክ አብዛኛውን ጊዜ በቍጥር 32768 ይገኛል።

ሥራው ሲፈጸም መርማሪው ቍጥር ይመልሳል፤ 0 ስሕተት አለመኖሩን፥ 1 ስሕተቱ መታረሙን፥ 4 ሳይታረም የቀረ መኖሩን ያመለክታል። ስማቸውን ያጡ ፋይሎችም «ሎስት ኤንድ ፋውንድ» በተባለው ማኅደር በቍጥር ብቻ ተሰይመው ይከማቻሉ።

እኛም ቅጁን ወስደን ከመረመርን በኋላ፥ ስም ከሌላቸው ፋይሎች አንዱን ብንከፍተው የእናታችን ድምፅ ሆኖ አገኘነው። ከፎቶግራፉ ግን ጥቂቱ ተበላሽቶ ቀርቷል። እንግዲህ የቤት አባቶችና የቤት እመቤቶች ሆይ፥ መርማሪው ከመጠራቱ በፊት፥ ይልቁንም ዲስኩ ደኅና ሳለ፥ የምትወዱትን ሁሉ ቀድታችሁ በሌላ ስፍራ አኑሩ ስንል እናሳስባለን።