የማይነደው ድንጋይና የአሮጌው ትምህርት ቤት ጣራ

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ሕፃናት ምግብ፤ ስለ ልብስ ንጽሕናና ስለ መኝታ ቤት አየር ብዙ ጊዜ ይጻፋል። ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ልጅ ሰባት ዓመት ከሞላው በኋላ የቀኑን አብዛኛ ሰዓት የሚያሳልፈው በእናቱ ቤት ሳይሆን በትምህርት ቤት ነውና፤ ወላጆች ስለ መምህሩ ጠባይና ስለ መጽሐፉ እንደሚጠይቁ ሁሉ ከልጃቸው ራስ በላይ ስላለው ኮርኒስና ክዳን መጠየቅ ይገባቸዋል። ስለዚህ ዛሬ አስቤስቶስ ስለሚባለው የማዕድን ዓይነት፤ ይልቁንም በአሮጌ ትምህርት ቤቶችና በዩኒቨርሲቲ ሕንፃዎች ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚኖርበት ሁኔታ ጥቂት እናስረዳለን።

አስቤስቶስ ድንጋይ ነው። ሆኖም እንደ ሌላው ድንጋይ የሚፈረካከስ ሳይሆን እንደ ጥጥ የሚባዘት፤ እንደ ፈትል የሚፈተል ድንጋይ ነው። እሳት ቢያነዱበት አይነድም፤ አሲድ ቢያፈሱበት በቶሎ አይበላም፤ ዘመን ቢቈጠርበት አይበሰብስም። ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «የማይጠፋ» ማለት ነው። በግሪኩ ወንጌል መጥምቁ ዮሐንስ ስለማይጠፋው እሳት በተናገረበት ስፍራ የተጻፈው ቃል ይኸው ነው። የብሉይ መጻሕፍትን የተማረ ሰው እየነደደች ያልተቃጠለችውን ዕፀ ጳጦስን ያስታውስ ይሆናል፤ ነገር ግን ያች የበረከት ምልክት ነበረች፤ የዚህ ድንጋይ ነገር ግን እንደዚያ አይደለም።

በፈረንጆች ቍጥር በ1901 ሉድቪግ ሃትሼክ የተባለ የኦስትሪያ ሰው የአስቤስቶስን ክር ከሲሚንቶና ከውሃ ጋር አደባልቆ ስስና ጠንካራ ክዳን የሚሠራበትን ብልሃት በስሙ አስመዘገበ። የዕቃውንም ስም ከላቲን ቋንቋ ወስዶ «ኤተርኒት»፤ ዘለዓለማዊ እንደ ማለት፤ ብሎ ሰየመው። ዋጋው ርካሽ፤ ክብደቱ ቀላል፤ እሳትን የሚመልስ፤ ዝናብ ሲዘንብበት እንደ ቆርቆሮ የማይጮህ ስለ ሆነ በየአገሩ ለትምህርት ቤት ጣራ የሚመረጥ ሆነ። በቆርቆሮ ጣራ ሥር በክረምት ያስተማረ ሰው ይህ የመጨረሻው ጥቅም ምን ያህል እንደሚያጓጓ ያውቀዋል። ከጣራውም ወርዶ በኮርኒስ ሰሌዳ፤ በወለል ንጣፍና ንጣፉን በሚያጣብቀው ጥቁር ሙጫ፤ በሙቅ ውሃ ቧንቧ መጠቅለያ፤ በውሃ ማስተላለፊያ ቱቦ ገባ። በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራም ብርጭቆው በእሳት ላይ ሲጣድ ከሥሩ የሚደረገው የሽቦ ወንፊት መካከሉ ላይ የተለጠፈው ነጭ ክብ በቀድሞ ዘመን ከዚሁ ከአስቤስቶስ ይሠራ ነበር። ተማሪዎች በእጃቸው ሲያገላብጡት፤ ሲያረጅም ነጩ እየተፈረፈረ በጠረጴዛው ላይ ሲቀር የሚጠረጥር አልነበረም።

ጉዳቱ የሚመጣው ከብናኙ ነው። ክዳኑ ሙሉ ሆኖ ሳይነካ በተቀመጠ ጊዜ ክሩ በሲሚንቶው ስለ ተያዘ ብዙ አይለቅም። በመጋዝ ሲቈረጥ፤ በመሰርሰሪያ ሲበሳ፤ በመዶሻ ሲሰበር፤ ወይም አርጅቶ ፊቱ ሲሻክርና በሽቦ ብሩሽ ሲፋቅ ግን ዓይን የማያየው ክር ወደ አየር ይወጣል። ይህ ክር ከሰው ጠጕር እጅግ የቀጠነ ነው፤ ሽታ የለውም፤ አያስነጥስም። ወደ ሳንባ ጥልቅ ከገባ በኋላ ሰውነት ሊያሟሟውም ሊያስወጣውም አይችልምና በዚያ ተሰክቶ ይቀራል። ከዚህም የተነሣ ሳንባ እየጠነከረና እየጠበበ የሚሄድበት አስቤስቶሲስ የሚባል ደዌ፤ የሳንባ ነቀርሳ፤ ሜሶተሊዮማ የሚባለው የሳንባ ሽፋን ነቀርሳ፤ እንደዚሁም የማንቍርትና የእንቍልጢ ነቀርሳ ይመጣሉ። ሲጋራ በሚያጤስ ሰው ላይ የሳንባ ነቀርሳው ዕድል እጅግ ይበዛል።

ሐኪሞች ይህን ያወቁት ዘግይተው አይደለም። በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ አስቤስቶስ ስትፈትል የኖረች ኔሊ ከርሾ የተባለች ሴት በ1924 በ33 ዓመቷ ሞተች፤ ሐኪሙ ዊልያም ኩክም የሳንባዋን ሁኔታ በዚያው ዓመት በሕክምና መጽሔት ላይ አወጣ። ትሠራበት የነበረው ፋብሪካ ኃላፊነትን አልተቀበለም። በ1960 ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ክሪስ ዋግነር የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር 33 የሜሶተሊዮማ ሕሙማንን መርምሮ ነገሩ ከሰማያዊው አስቤስቶስ ማዕድን አገር ጋር የተያያዘ መሆኑን ገለጸ። ከሕሙማኑ መካከል በማዕድን ጕድጓድ ከቶ ያልሠሩ፤ በአካባቢው ብቻ የኖሩ የቤት እመቤቶችና ከብት ጠባቂዎች ነበሩበት። ይህንንም ልብ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አደጋው የሠራተኛ ብቻ እንዳይደለ የታወቀው በዚህ ነውና። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት በሥራ ቦታ በሚያገኛቸው አስቤስቶስ ምክንያት በያመቱ ከ200,000 የሚበልጡ ሰዎች እንደሚሞቱ ይናገራል።

ደዌው የሚገለጠው ክሩ ከገባ ከ20 እስከ 50 ዓመት ቈይቶ ነው። በ60 ዓመቱ ብናኙን የተነፈሰ ሽማግሌ ደዌው ሳይደርስበት በሌላ ምክንያት ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል፤ የ6 ዓመት ሕፃን ግን ደዌው የሚያድግበት ሙሉ ዕድሜ በፊቱ አለ። ለእንግሊዝ መንግሥት ምክር የሚሰጡ የነቀርሳ ሊቃውንት በ2013 ባወጡት አስተያየት በ5 ዓመቱ ለብናኙ የተጋለጠ ልጅ በ25 ዓመቱ ከተጋለጠው ጋር ሲነጻጸር በዕድሜው ውስጥ በሜሶተሊዮማ የመያዙ ዕድል 3.5 ጊዜ ያህል እንደሚበልጥ ገምተዋል። የትምህርት ቤት ጣራ ከመጋዘን ጣራ ይልቅ የሚያሳስበን ስለዚህ ነው።

ነገሩ የታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎችንም ደጅ አንኳኵቷል። በፓሪስ ከተማ ዡሲዩ በሚባለው ሰፈር በ1960ዎቹ የተሠራው ዩኒቨርሲቲ የብረት አጥንቱ ከእሳት እንዲጠበቅ በአስቤስቶስ ተረጭቶ ነበር። መምህራንና ሠራተኞች ከኮርኒስ የሚወርደውን ብናኝ አይተው ከ1970ዎቹ ጀምሮ አቤቱታ አቀረቡ፤ ብዙ ዘመንም የሰማቸው አልነበረም። በ1996 መንግሥት ሕንፃው እንዲጸዳ ወሰነ፤ ፈረንሳይም ከ1997 መጀመሪያ ጀምሮ አስቤስቶስን ከለከለች። ተማሪዎቹን ከክንፍ ወደ ክንፍ እያዘዋወሩ የተደረገው የማጽዳትና የማደስ ሥራ ያለቀው በ2016 ነው። የተረጨውን ነገር ለማንሣት ሃያ ዓመት ፈጀ ማለት ነው። አሜሪካኖች ደግሞ በ1986 ባወጡት ሕግ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ሕንፃውን አስመርምሮ አስቤስቶስ ያለበትን ስፍራ በመዝገብ እንዲጽፍ፤ በየ3 ዓመቱም እንዲያስመረምር፤ ወላጆችም መዝገቡን ማየት እንዲችሉ አዘዙ። በእኔ አስተያየት ከሁለቱ መንገድ ለእኛ የሚቀርበው የመዝገቡ መንገድ ነው፤ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅምና።

አሁን ወደ አገራችን፤ ይልቁንም ወደ ቤንሻንጉል ጉሙዝ እንመለስ። የአሶሳና የመተከል ሰው ቤቱን የሠራው በቀርከሃና በሣር ነው። የአካባቢው ቀርከሃ በኢትዮጵያ የታወቀ ነውና። ከዚያ በኋላ የመጣው ትምህርት ቤት በአብዛኛው በቆርቆሮ ተከደነ። የአሶሳ ዩኒቨርሲቲም የተቋቋመው በ2003 ዓ.ም. ገደማ ስለ ሆነ ሕንፃው አዲስ ነው። ስለዚህ በዚያ አገር የሚኖር ወላጅ ይህን ጽሑፍ አንብቦ ቆርቆሮውን ሁሉ በጥርጣሬ ዓይን እንዲያይ አንፈልግም። በጉባ ወረዳ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም፤ ቁመቱ 145 ሜትር የሆነው፤ የተጀመረው የሥራ ተቋራጩ አገር ጣሊያን አስቤስቶስን በ1992 በሕግ ከከለከለች ከ19 ዓመት በኋላ ነው።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው፤ ከግድቡ ሥራ ጋር መንገድና ንግድ ወደ ምዕራብ ስለ ተከፈተ፤ ከሌላ ከተማ ከፈረሰ አሮጌ ሕንፃ የወረደ ክዳን በርካሽ ተገዝቶ ለመማሪያ ክፍል፤ ለወጥ ቤት ወይም ለሠራተኛ ሰፈር እንዳይውል ነው። ሁለተኛው የአገሩ ድንጋይ ራሱ ነው። በምዕራብ ኢትዮጵያ ከወለጋ ዩብዶ፤ ፕላቲን ከሚወጣበት ስፍራ፤ ጀምሮ በአሶሳ በኩል ባለው ጥንታዊ የድንጋይ መቀነት ውስጥ ሰርፐንቲን የሚባል አረንጓዴ ድንጋይ ይገኛል። በዓለም ላይ ነጩ አስቤስቶስ የሚወለደው በእንዲህ ያለ ድንጋይ ውስጥ ነው። ሰርፐንቲን ሁሉ አስቤስቶስ አለው ማለት አይደለም። ነገር ግን ለትምህርት ቤት ግቢ ወይም ለመንገድ ጠጠር ሲፈጭ፤ ነጭ ክር የሚመስል ሥር በድንጋዩ ውስጥ የታየ እንደ ሆነ ከመፍጨቱ በፊት ለማዕድን ዐዋቂ ማሳየት ይገባል።

ለቤት እመቤቶች ደግሞ ይህን እንጨምራለን። በእንግሊዝና በጣሊያን ከሞቱት መካከል ፋብሪካ ያልረገጡ፤ የባላቸውን የሥራ ልብስ እያራገፉ ያጠቡ ሚስቶች አሉ። አባት፤ ወንድም ወይም በቤት ያደገ ልጅ አሮጌ ጣራ ሲያፈርስ የዋለ እንደ ሆነ ልብሱ በደጅ ይቅር፤ አይራገፍ፤ ከሕፃናት ልብስ ጋር አይታጠብ፤ ሳይራገፍ በውሃ ይነከር። የተሰበረውን የሲሚንቶ ክዳን ለእሳት ዳር መከለያ፤ ለዶሮ ቤት ወይም ለአጥር ማዋል ቍጠባ ይመስላል፤ ነገር ግን በየጊዜው እየተሰበረ በግቢው የሚበናኝ ነገር ወደ ቤት ማስገባት ነው።

ስለ ሕጉም ጥቂት ልበል፤ በፍርድ ቤት መዝገብ ሲያገላብጥ የኖረ ሰው ይህን ሊያልፈው አይችልምና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፤ አስቀድሞ ሊታሰብ ያልቻለ እንኳ ቢሆን፤ ኃላፊ መሆኑን ደንግጓል። ይኸው ሕግ በቍጥር 2143 ተጐጂው ክሱን ጉዳት ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲያቀርብ ያዝዛል። እንግዲህ በ7 ዓመቱ የተነፈሰው ብናኝ በ50 ዓመቱ ደዌ ሆኖ ቢገለጥ ጉዳቱ የደረሰው መቼ ነው? ክሩ የገባ ቀን ነው ወይስ ሐኪሙ የተናገረ ቀን? ጥያቄው ባዶ ክርክር እንዳይደለ የጣሊያን ነገር ያስረዳል። በካሳሌ ሞንፈራቶ ከተማ ከ1907 እስከ 1986 የኤተርኒት ፋብሪካ ነበረ፤ በሠራተኞችና በከተማው ሕዝብ ላይም ብዙ ሞት ደረሰ። የቱሪን ፍርድ ቤት በ2012 የፋብሪካውን ባለቤቶች በ16 ዓመት እስራት ቀጣ፤ ይግባኙም በ2013 ቅጣቱን ወደ 18 ዓመት ከፍ አደረገ፤ ነገር ግን የሰበር ፍርድ ቤቱ በኅዳር 2014 የክሱ ጊዜ አልፏል ሲል ፍርዱን ሻረው። ከሣሾቹ መበለቶችና ልጆች ከችሎቱ ባዶ እጃቸውን ወጡ። ለእኛ ሕግ ሊቃውንት፤ ቀኑ ደዌው ከታወቀበት ጊዜ እንዲቈጠር በግልጽ መጻፍ ዛሬ ቀላል ነው፤ ሕሙማኑ በችሎት ሲቆሙ ግን ይከብዳል።

በዓለም አቀፍ በኩል ኢትዮጵያ አባል በሆነችበት በሮተርዳም ስምምነት ዝርዝር ውስጥ አምስቱ የአስቤስቶስ ዓይነቶች ገብተዋል፤ ነጩ፤ ክሪሶታይል የሚባለው፤ ግን ጥቂት አገሮች እየተቃወሙ በ2025 ስብሰባም ሳይገባ ቀርቷል። ስለዚህ ዕቃ የሚገዛ ሹም በወደብ የሚያግደው ስምምነት አለ ብሎ ሳይታመን በግዢው ውል ላይ «ከአስቤስቶስ ነጻ የሆነ» የሚል ቃል ያስገባ።

ለትምህርት ሹማምንት፤ በአሶሳም ሆነ በሌላ ስፍራ፤ መጀመሪያ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር ነው። የእያንዳንዱ ሕንፃ ዘመን፤ የክዳኑና የኮርኒሱ ዓይነት፤ የተሰነጠቀው ስፍራ ይጻፍበት። በዓይን ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም፤ ቍራሹ በማጕያ መነጽር በሚመረምር ቤተ ሙከራ ይታያል። ያልተሰበረውን ሳይነኩ ቀለም ቀብቶ መጠበቅ ከማፍረስ ይሻላል። ማፍረስ ግድ ከሆነ ተማሪዎች በሌሉበት በክረምቱ ዕረፍት ይሁን፤ ክዳኑ በውሃ ይርጠብ፤ ምስማሩ ይነቀል እንጂ ክዳኑ በመዶሻ አይመታ፤ ከጣራም አይወርወር። ለሠራተኞቹ ተራ የአቧራ ጨርቅ አይበቃም፤ ጥሩ ማጥለያ ያለው መሸፈኛ ይሰጣቸው። የወረደው ሁሉ በወፍራም ላስቲክ ሁለት ጊዜ ይጠቅለል፤ በላዩም ይጻፍበት። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝን የሚወስነው አዋጅ ቍጥር 1090 በ2010 ዓ.ም. ስለ ወጣ በወንዝ ዳር ወይም በትምህርት ቤቱ ጓሮ መጣል አይገባም። ወለሉም በደረቅ መጥረጊያ ሳይጠረግ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል፤ ጨርቁም ከቍራሹ ጋር ይታሰር።